ድምፄ ለጦር እንዳይውል

እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ማንበብ ግን እችላለሁ። ከስድስተኛ ክፍል ሳቋርጥ መምህራችንን የቆጫቸው ይህ ነበር። ጥያቄ ሲጠይቁኝ አንገቴን ደፍቼ እቀራለሁ፤ መጽሐፍ ሲሰጡኝ ግን ድምፄ እስከ መጨረሻው ወንበር ይሰማል። የሰው ቃል ሲሆን አላፍርም። የራሴ ሲሆን ነው የማፍረው።

ሮም የምሠራው አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት ነው። ከፖንቴ ማሞሎ ሜትሮ ወርዶ በእግር አሥር ደቂቃ፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍቱ አንድ ሳምንት ሠርቶ አንድ ሳምንት ይቆማል። ፊሳ ነኝ፤ እዚያው አድራለሁ። ሲኞራዋን አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣቸዋለሁ። ዕረፍቴ እንደ ሁላችንም ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ለእነዚያ ሁለት ቀናት ብቻ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ወደ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ መውጫው ላይ፣ ከአንዲት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። "የሐሙስ ቤት" እንለዋለን። እሷም እንደ እኔ ፊሳ ናት። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለምንተያይ ሦስት ዓመት ሳንጣላ ኖርን።

የሲኞራዋ ልጅ ኢንጂነር ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ሰው ሲናገር እየሰማ የሚጽፍ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠርቷል። ፕሮግራሙ ብዙ ቋንቋ ይጽፋል፤ አማርኛ ግን አያውቅም ነበር። አንድ ቀን እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ፣ ወጥ ቤት ቆሜ ከአገር ቤት የመጣልኝን መልእክት ድምፄን አውጥቼ ሳነብ ሰማኝ። ልማዴ ነው፤ ድምፄን ካላወጣሁ ያነበብኩ አይመስለኝም። በሩ ላይ ቆሞ እስክጨርስ ጠበቀኝና፣ "ለማሽኔ እንደዚህ ታነቢልኛለሽ?" አለኝ።

የመረጠው ቀን ሐሙስ ነበር። የእሱም ሥራ የሚቀልለት፣ እናቱም ምሳ በልተው የሚተኙት ያኔ ነው። ዕረፍቴ ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ኮንትራቴን የሚፈርመው እሱ ነው፤ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚታደሰው ደግሞ በኮንትራቱ ነው። ብርዱን ወራት ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ማይክራፎን እያስቀመጠ አማርኛ አስነበበኝ።

ልዋሽ አልፈልግም፤ ወድጄው ነበር። ማይክራፎኑ አያየኝም፣ ቀና በይ አይለኝም። በየሳምንቱ ፕሮግራሙ ከእኔ እየተማረ ሄደ። መጀመሪያ የጻፈው ምንም ትርጉም አልነበረውም። ወደ ፋሲካ ግድም ያነበብኩትን ዓረፍተ ነገር ከነነጥቡ ጽፎ ሲያሳየኝ፣ ያን ቀን ሜትሮ ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ መሄዴን አስታውሳለሁ።

ከዚያ ሌሎች ድምፆች አስፈለጉት። "አሮጊት አምጪልኝ፣ ፈጣን ተናጋሪ አምጪልኝ" አለ። ሁለት ሰው አመጣሁ። አንዷ የሐሙስ ቤቱን አብራኝ የተከራየችው የክፍል ጓደኛዬ ናት። ሌላዋ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ ሠላሳ ዓመት በሰው ቤት የሠሩ፣ ይህንን ሥራ ራሱ ያገኙልኝ ሴት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ሊቤራቶሪያ የሚባል ወረቀት ሰጠን፤ ድምፃችንን መስጠታችንን የምንፈርምበት ነው። ከሥሩ ስለ ሊቼንሳው፣ ስለ አጠቃቀም ፈቃዱ፣ ተጽፎ ነበር። እሱ በጣሊያንኛ ነገረኝ፤ እኔ ለሴቶቹ በአማርኛ ነገርኳቸው።

"ፕሮግራሙንም ድምፁንም ማንም በነፃ ይወስደዋል፤ ለፈለገው ነገር ያደርገዋል፤ ማንም አይከለከልም ነው የሚለው" አልኳቸው።

"እንደ ጸበል" አሉ እትዬ።

"አዎ፣ እንደ ጸበል" አልኩ። ፈረሙ።

እትዬ መነጽራቸውን ረስተው ስለመጡ ማንበብ አልቻሉም። ኢንጂነሩ፣ "ቫ ቤኔ፣ ችግር የለም፣ በስልክ እንደሚያወሩት ያውሩልኝ" አለ። እኔም ይህንኑ ተረጎምኩላቸው። ጣሊያን በስልክ ሲያወራ "ፕሮንቶ" ብሎ ወደ ጉዳዩ ይገባል። እትዬ ግን ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ ብለው አገር ቤት እንደሚደውሉ ሰላምታ ጀመሩ። የሚያውቁትን ሰው ሁሉ፣ ቤት በቤት፣ በስሙ፣ ከነአባቱ እየጠሩ ጠየቁ። የዚያችኛዋ ጉልበት ተሻላት ወይ? የዚያኛው በሬ ተሸጠ ወይ? ከወፍጮው በላይ ያለው ቤት ተከደነ ወይ? ያ ልጅስ ከዱር ተመለሰ ወይስ አሁንም ወንዙን ተሻግሮ ከነዚያው ጋር ነው? ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንዲህ ቀጠሉ። ስሞቹን እዚህ አልጽፍም፤ አንድ ጊዜ መቀዳታቸው ይበቃል። ሲጨርሱ እንባቸውን ጠረጉ። ኢንጂነሩ አንዲት ቃል አልገባውም፤ ግን "ፔርፌቶ" እያለ ነበር። እኔ ሁሉም ገብቶኝ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር።

ከሁላችን በዚያ ፕሮግራም የተጠቀመችው የክፍል ጓደኛዬ ናት። ወንድሟ ወታደር ነው፤ ሁለቱንም እጆቹን ግንባር ላይ ጥሎ የጦር ሆስፒታል ተኝቷል። ፕሮግራሙን ስልኩ ላይ ጫኑለት። ስልኩን ደረቱ ላይ ያስቀምጡለታል፤ እሱ ይናገራል፣ ፕሮግራሙ ይጽፋል። በሥራዋ ቤት ድምፅ መክፈት ስለማይፈቀድላት፣ ጧት ጧት የሚደርሳትን ጽሑፍ ሳህን እያጠበች ታነባለች። ማመልከቻውን ሳይቀር ራሱ ያስጽፋል። ጻፉልኝ ብሎ መለመን ሞቱ ነበር።

የሮም በጋ ሲገባ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ኢንጂነሩ ለምሳ መጣ። ሾርባ እየቀዳሁ ነበር። ለእናቱ እየሳቀ፣ "ማማ፣ የዚች ልጅ ድምፅ ጦር ሠራዊት ገባ" አላቸው። አንድ ድርጅት ጽፎለታል። ለጦር የሚሆን፣ የስልክ ንግግር ጠልፎ የሚሰማ መሣሪያ የሚሸጥ ድርጅት ነው። ፕሮግራሙን እንደወሰዱት፣ አማርኛው በደንብ እንደሠራላቸው ነገሩት፤ አመሰገኑት። ቀጥለውም፣ እንደ አሮጊቷ፣ እንደ እትዬ፣ ያለ የገጠር አነጋገር ያለው ተጨማሪ ድምፅ ይኖረው እንደሆነ ጠየቁት።

"ሾርባው ሊፈስ ነው" አሉኝ ሲኞራዋ።

ሳህኑን አስቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱን ማየት አስጠላኝ።

ሐሙስ ተርሚኒ ፊት ለፊት ባለው የሐበሻ ባር ለእትዬና ለክፍል ጓደኛዬ ነገርኳቸው። እትዬ ሻይ ይዘው ነበር። እስክጨርስ አልጠጡትም።

"የማንን ስም ጠራሁ?" አሉኝ።

የማስታውሰውን ነገርኳቸው።

"የልጁንስ?"

"እሱንም ጠርተዋል።"

"ወንዙን?"

"አዎ እትዬ።"

ሻዩን ገፋ አደረጉት። "አንቺ ዝምተኛ ስለሆንሽ ደግ ትመስዪኝ ነበር። ለካስ ብልጥ ነሽ። አንቺ የመጽሐፍ ቃል አነበብሽ፤ የራስሽን ሰው አንድም አልጠራሽም። ያስገባሽው የኛን ነው።"

"በስልክ እንደሚያወሩት ያውሩ ያለው እሱ ነው…"

"እሱ አማርኛ አይሰማም። የሰማሽው አንቺ ነሽ። እጄን ነካ አርገሽ 'ኧረ እትዬ ስም ይቅር' ብትዪ ምን ነበረበት? አፍሽ ለዚህ ካልሆነ ለምንድነው የተሰጠሽ?"

የክፍል ጓደኛዬ እዚያው ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ ቆይታ፣ ቀና ሳትል፣ "ቢሰሙትስ ምን አለበት? ዱር የላክነው እኛ አይደለንም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"እትዬ፣ የወንድሜን እጅ የቆረጡት እንደዚያ ልጅ ያሉ ናቸው። ከወንዝ ማዶ ነው የተኮሱት። ይሰሙት።"

እትዬ ቦርሳቸውን አነሱ፤ ግን አልሄዱም። ቆመው አዩዋት። "ከአንድ ጽዋ ነው የምንጠጣው፤ እሑድ ደግሞ ከጎኔ ትቆሚያለሽ" አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "የሚመጣው ሐሙስ ሰውየው ዘንድ ትወስጂኛለሽ። ትተረጉሚያለሽ። አንዲት ቃል ብታጎድዪ አውቃለሁ፤ ጣሊያንኛ እሰማለሁ። መናገሩ ነው የሚያናድደኝ።"

የሚቀጥለው ሐሙስ ሦስታችንም የሲኞራዋ ወጥ ቤት ውስጥ ነበርን። የክፍል ጓደኛዬ የመጣችው ያለ እሷ ነገሩ እንዳይወሰን ነው። ሲኞራዋ አልተኙም፤ ከመስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሁላችንንም በጥርጣሬ ያዩናል።

እትዬ አሉ፦ "ለጦር አይሁን ብለህ ጻፍበት።"

ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። ልጅ ለማባበል እንደሚደረገው ዓይነት ነው። "አሎራ፣ ሲኞራ። መኪና የሚሠራ ሰው ማን እንደሚነዳው አይጠይቅም።"

"መንጃ ፈቃድ ግን ይጠየቃል" አሉ እትዬ።

"ይህ ሌላ ነው። የእኛ ፕሮግራም ነፃ ነው። ነፃ ማለት ለሁሉም ነው። አንተ አትንካው፣ አንተ አትንካው ማለት ከጀመርን ነፃ መሆኑ ቀረ። ዛሬ እርስዎ ለጦር አይሁን ይላሉ። ነገ አንዱ ተነስቶ ለስደተኛ አይሁን ብሎ ይጽፋል።"

"ለስደተኛ አይሁን የሚለው ሳይጻፍም አይሆንም። ሠላሳ ዓመት አይቼዋለሁ።"

ይህንን አንዲት ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ። እሱ ሰማኝ፣ ግን አየት አድርጎኝ ወደ እሳቸው ተመለሰ።

"ደግሞ ብንጽፈውስ ማን ይታዘዘዋል? ጦር ሠራዊት የእኔን ሊቼንሳ አንብቦ ይተወዋል?"

"እኔ ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ቁልፍ ይዣለሁ" አሉ እትዬ። "ቁልፍ የሰጠችኝ ሁሉ ለማን እንደማልሰጥ ነግራኝ ነው። ሌባ ቁልፍ እንደማይፈልግ ጠፍቷት አይደለም። እኔ ከሌባው ጋር እንዳልሆን ነው። አንተም ከማን ጋር እንደሆንክ እንዲታወቅ ጻፈው።"

ኢንጂነሩ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ እጁን ዘረጋ። "ቫ ቤኔ። ድምፁ የሦስታችሁ ነው። ሦስታችሁም ከተስማማችሁ በሚቀጥለው የፕሮግራሙ ቅጂ ላይ እጽፈዋለሁ። አንዷ እምቢ ካለች ግን እንዳለ ይቀራል።"

"እኔ እምቢ ብያለሁ" አለች የክፍል ጓደኛዬ ወዲያው። ጣሊያንኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ አላስተረጎመችም። "ወንድሜ ወታደር ነው። የተኛበት ሆስፒታል የጦሩ ነው። ኢንተርኔቱ የጦሩ ነው። ለጦር አይሁን ስትሉ እሱ ለእኔ ደብዳቤ በጻፈ ቁጥር ሌባ ይሆናል። እጅ ከሰጣችሁት በኋላ ልትነጥቁት ነው?"

ኢንጂነሩ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። "አያችሁ?" አለ። አዘንኩ ለማለት ፊቱን ሰብሰብ አደረገው፤ ግን ደስ እንዳለው ያስታውቅ ነበር። እኛን እርስ በርስ አጋጭቶ ከመሀል ወጣ። ያንን ፊት ባላይ ኖሮ ምናልባት ዝም ብዬ ማታ የሲኞራዋን ሾርባ ልሠራ እነሳ ነበር።

"የእኔን አውጡልኝ" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔ እንደሆንኩ ለማረጋገጥ ይመስል ነበር።

"ምኑን?" አለ።

"ድምፄን። ለጦር አይሁን የሚለው ካልተጻፈ፣ ከሚቀጥለው ቅጂ የእኔ ድምፅ ይውጣ።"

ፈገግታው ጠፋ። የሁለቱ ሴቶች ድምፅ ተደምሮ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ የቀረው አማርኛ በሙሉ የእኔ ሐሙሶች ናቸው። የእኔ ከወጣ ፕሮግራሙ ወደዚያ ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ይመለሳል። ይህንን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ ሊያሞግሰኝ ብሎ።

"ፈርመሻል" አለ።

"የፈረምኩት ስለ ሰጠሁት ነው። የሚቀጥለውን አልፈረምኩም።"

"እዚህ ቤት ተመችቶሽ ይመስለኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ኮንትራቴ የሚያልቅበት ወር ደርሶ ነበር። ያኔ ሲኞራዋ ከመስኮቱ በኩል፣ "ልጅቷ የትም አትሄድም" አሉ። "ነው ወይስ አንተ ልታጥበኝ ነው?"

ልጃቸው ቀላ። እትዬ ሳቃቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። የክፍል ጓደኛዬ ግን አልሳቀችም። በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ፣ "የወንድሜን እጅ ሁለተኛ ልትቆርጪ ነው" አለችኝ።

ስለዚህ ነገር ብዙ ሌሊት አስቤ የመጣሁ አይደለሁም። እዚያው ወንበር ላይ፣ እሷ ስታየኝ፣ የመጣልኝን ነው የተናገርኩት። "ወንድሟ የሚያስጽፈው የራሱን ቃል ነው" አልኩ። "ወታደርም ይሁን ማንም፣ ሰው የራሱን ቃል ቢያስጽፍ ይፈቀድለት። እየተሰማ መሆኑን የማያውቅ ሰው የተናገረውን ማስጻፍ ግን አይፈቀድ። ለመግደያ መሣሪያም አይፈቀድ። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ።"

"ይህ የሕግ አጻጻፍ አይደለም" አለ ኢንጂነሩ። ግን እስክሪብቶ አንስቶ የፋርማሲ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈው።

አዲሱ ቅጂ መስከረም ላይ ወጣ። እዚያ ላይ የሕግ አዋቂ ካሳመራቸው ቃላት መሀል የእኔ ዓረፍተ ነገር አለ። የእትዬ ሃያ ደቂቃ ወጥቷል። ከጓደኞቹ ሁለቱ በዚህ ምክንያት ጥለውት ሄዱ፤ ይህንን የሚነግረኝ እኔ ያባረርኳቸው አድርጎ ነው። ኮንትራቴን አደሰ፤ ሲገባ ግን ቦንጆርኖ የሚለው ለእናቱ ብቻ ነው።

አሸነፍሽ የሚለኝ ካለ፣ አላሸነፍኩም። ያ ድርጅት፣ ኢንጂነሩ ስለ አዲሱ ቅጂ ቢጽፍለትም፣ መልስ አልጻፈም። አሮጌውን ቅጂ፣ ማንም አይከለከልም የሚለውን፣ እንደያዘ ነው። የተለቀቀ አይመለስም። እዚያ ውስጥ እትዬ አሁንም የዚያችኛዋን ጉልበት ይጠይቃሉ፤ ያ ልጅ ተመለሰ ወይ ይላሉ።

እትዬ ለአዲሱ ቅጂ እንደገና እንዲናገሩ ለምኛቸው አንድ ሐሙስ መጥተው ነበር። "ስም ሳይጠሩ ብቻ" አልኳቸው። ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጡ። አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ። ደግመው ሞከሩ። "ሰው ሳልጠራ ምን ብዬ ነው የማወራው?" አሉና ተነሱ። በሩ ላይ ደርሰው፣ "አንቺው አንብቢ፤ አንቺ ትችዪበታለሽ" አሉኝ። ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን። ሰላምታቸው አሁን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ስለ ማንም አይጠይቁኝም።

የክፍል ጓደኛዬ የሐሙስ ቤቱን ለቀቀች። መጋረጃው የእሷ ስለነበር ይዛው ሄደች። አዲሱ ቅጂ ለወንድሟ እንዲጫንለት አልፈቀደችም። "ያንቺን ወረቀት ወንድሜ አይፈርምም" አለችኝ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እየከተተች። እንዲፈርም የሚጠይቀው ነገር እንደሌለ፣ እሱን እንደማይነካው ልነግራት ጀመርኩ። "ወንድሜን ከሌላው ወታደር ለይተሽ ፈቀድሽለት አይደል?" አለች። "ማነሽ አንቺ?"

ሁለት ወር ሙሉ ድምፅዋን አልሰማሁም። ባለፈው ሳምንት ወጥ ቤት ሆኜ ድንች ስልጥ ስልኬ ነዘረ። ከእሷ ነው። ከወንድሟ የመጣ ጽሑፍ፣ ሰላምታ እንኳ ሳትጨምርበት የተላከ፦ "ለዚያች ልጅ ንገሪያት፣ እኔ የማስጽፈው የራሴን ነው።"

ስድብ ይሁን ምስጋና እስከ አሁን አላወቅሁም። እንደ ልማዴ ድምፄን አውጥቼ ላነበው አፌን ከፈትኩ። ማይክራፎኑ ካለፈው ሐሙስ ንባቤ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነበር። ተነስቼ ገመዱን ነቀልኩት። ከነቀልኩትም በኋላ አላነበብኩትም፤ በዓይኔ ብቻ አየሁት።